በመስታወት የታሰረች ጡሩምባ

ይማም መሐሙድን የማያውቅ የመካነ ሰላም ነዋሪ ካለ፣ እርሱ ገና ሰው ያልሞተበት ነዋሪ ነው።

ይማም ቆርቆሮ ሠሪ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንድ ሰው ሲቀመጥባት ሁለተኛው ደጅ በሚቆምባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሚያፈስስ ባልዲ ይደፍናል፤ የማንቆርቆሪያ እጀታ ይበይዳል፤ ኩራዝና የዶሮ ውኃ ማጠጫ ይሠራል። ይህ መተዳደሪያው ነው። ሥራው ግን ሌላ ነው። ላለፉት ሠላሳ አራት ዓመታት የሰፈራችን ቅሬ ጡሩምባ ነፊ ሆኖ ኖሯል።

ከሌላ አገር ለሚያነብበኝ ሰው አንድ ነገር ልግለጥ። ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው የቀባሪዎች ማኅበር ነው። የእኛ ቅሬ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም በአንድ መዝገብ ጽፎ ይይዛል። የመቃብሩ ቦታ ይለያይ እንደ ሆነ እንጂ ጉድጓድ ቆፋሪውም፣ ድንኳን ተካዩም፣ ለቀስተኛውም አንድ ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ ጡሩምባ የሰማ ይመጣል፤ ሰምቶ የቀረ ይቀጣል፤ ጡሩምባ ካልተነፋ ግን የሚገደድም የሚቀጣም የለም። ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ አንባቢ በልቡ ይያዛት።

ጡሩምባዋ የናስ ናት። ርዝመቷ ክንድ ከስንዝር ይሆናል። አንገቷ ላይ ይማም በገዛ እጁ የበየዳት መጣፊያ አለች፤ ሰዎች ድምፅዋን ከሌላ ድምፅ የሚለዩት በዚያች መጣፊያ ምክንያት ነው ይላሉ፤ ትንሽ ታለቅሳለችና። ይማም በሦስት ቦታ ይነፋታል፦ በመናኸሪያው፣ ከመስጊዱ በላይ ካለው ጉብታ፣ በመጨረሻም ቁልቁል የገጠሩን ማሳ ከሚያሳየው ገደል አፋፍ። በየቦታው ሦስት ጊዜ አስረዝሞ ይነፋና ጸጥ ይላል፤ ከዚያም የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠራል። ከገደሉ በታች ስልክ አይሰማም። ጉድጓድ የሚቆፍሩት ብርቱዎቹ ገበሬዎች የሚኖሩትም እዚያው ነው።

አንድ የማይጥሰው ልማድ አለው፤ ሟቹን በዓይኑ ሳያይ አይነፋም። ይህን ልማድ ያስተማሩት ነፍሳቸውን ይማርና አቶ ቀመር ናቸው። ይማም ጡሩምባዋን በተረከበ በዓመቱ አቶ ቀመር ደጃቸው ላይ ወደቁና ትንፋሻቸው ጠፋ። ቤተሰቡ ጮኸ፤ ይማምም ሦስቱንም ቦታ ዞሮ ነፋ። ሰው አካፋና ዶማውን ተሸክሞ ሲደርስ አቶ ቀመር በራቸው ላይ ቆመው፣ «ማነው የሞተው? ቆዩኝ፣ እኔም ልምጣ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ይማምን ባዩ ቁጥር፣ «አንተ ቀባሪዬ፣ ዛሬስ ተረኛው ማነው?» ሳይሉት አልፈው አያውቁም። በእውነት የሞቱ ዕለት ይማም ገብቶ ፊታቸውን ገልጦ፣ «አያ ቀመር፣ ቁርጥ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው ይባላል። «ይባላል» ያልሁት በቦታው ስላልነበርሁ ነው።

እንግዲህ ወደ ቅርሱ ነገር ልግባ።

የከተማችን የቅርስና የማኅበረሰብ ታሪክ ዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ ውበቱ ይባላል። ስምንተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ጥያቄው ሳይጠየቅ እጁን የሚያወጣ ንቁ ልጅ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄዶ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወሰደ፤ ሲመለስ ዓይኑ ተለውጦ ነበር። ቀድሞ በርጩማ ያይበት በነበረው ቦታ ላይ ቅርስ ያይ ጀመር። «የማኅበረሰብ ታሪክ ሳምንት» የሚባል ዝግጅት አቀደ፤ ለዚህም የከተማውን አሮጌ አዳራሽ አስጠረገ፤ ስድስት ትልልቅ የመስታወት ሣጥኖች አሠራ። ሣጥኖቹ ተሠርተው ከቆሙ በኋላ ምን እንደሚገባባቸው ይታሰብ ጀመር።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጎብኚ ሁሉ አምባ መቅደላን ብሎ በሌላ አቅጣጫ ያልፋል። የወረኢሉ ሰው እንኳ እኛ ዘንድ የሚወርደው ዘመድ ሲያገባበት ወይም ሲሞትበት ነው። በእኛ ከተማ የሰው እጅ የተወው፣ በእውነት ያረጀ ዕቃ እንደ ልብ አይገኝም። ድኻ አገር ዕቃውን እስኪሰበር ይሠራበታል፤ ከተሰበረም በኋላ ጠግኖ ይሠራበታል። ስለዚህ ኮሚቴው ከቤት ወደ ቤት እየዞረ በሥራ ላይ ያለውን ሰበሰበ። የወይዘሮ ሰብሌን ሙቀጫ ከነዘነዘናው ወሰደ፤ ወይዘሮ ሰብሌም ከዚያን ቀን ጀምሮ በርበሬያቸውን ለመውቀጥ የጎረቤት ደጅ ይጠናሉ። የአንድ ገበሬ ሞፈርና ቀንበር ወሰደ፤ የእርሻ ጊዜ ሲደርስ ገበሬው ሁለት በሬዎቹን ይዞ በአዳራሹ በር ላይ ሲጠብቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

የኮሚቴው አባል ነበርሁ፤ ይህን አልደብቅም። በየሣጥኑ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ እንዳርም ነበር የተጠራሁት።

ውበቱ ስለ ጡሩምባዋ ወደ ቅሬው ስብሰባ የመጣበትን መንገድ ሳስበው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ልጁ የአገሩን ልማድ ያውቃል፤ በአያያዙ ግን ወጥመድ አደረገው። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የመረቀውን አይነሣም፤ «አሚን» የተባለበትም ነገር ወደ ኋላ አይመለስም። ውበቱ ተነሥቶ እጅ ነሣና ምንም ሳይጠይቅ፣ «አባቶቼ፣ አንድ ሥራ ጀምረናልና አስቀድማችሁ መርቁን» አለ። የቅሬው ዳኛ አቶ የኋላሸት እጃቸውን ዘረጉ።

«ያሰባችሁት ይሙላ!»

«አሚን!» አለ ሰው ሁሉ።

«የጠየቃችሁትን አትጡ!»

«አሚን!»

እዚህ ላይ ውበቱ ቀና ብሎ፣ «እንግዲያውስ አባቶቼ፣ ጡሩምባዋን እንፈልጋት ነበር» አለ።

የአቶ የኋላሸት እጅ ገና አልታጠፈም ነበር።

«ጡሩምባዋን ለምን?» አሉ።

«የማንነታችን ድምፅ ስለሆነች በመስታወት ልናኖራት ነው።»

«ድምፅ ናት ካልህ ልጄ፣ ለምን ዝም ልታሰኛት ትወስዳታለህ?»

«ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፣ አባቴ።»

«በሳምንቱ ውስጥ ሰው ቢሞትስ?»

«ማንም እንዳይሞት ዱዓ እናድርጋ!» ብሎ ውበቱ ሳቀ። ሌላ ሰው አልሳቀም። ነገር ግን ምርቃቱ ወጥቷል፤ «አሚን» ተብሏል። አቶ የኋላሸት ወደ ይማም ዞረው በዓይናቸው ምልክት ሰጡት። ይማም ጡሩምባዋን በነጠላው ጫፍ ወለወላትና ለውበቱ ሰጠው። የሰጠው እንደሚተኛ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ ነበር።

የጽሑፉ ረቂቅ በማግሥቱ ለእኔ ቀረበ። «ጡሩምባ፦ በቀደመው ዘመን ኅብረተሰቡ ይጠራሩበት የነበሩ መሣሪያ» ይላል። በቀይ ቀለም አረምሁት፤ «ኅብረተሰቡ ይጠራራበት የነበረ መሣሪያ» አልሁት። ግሱን ከባለቤቱ ጋር አስማማሁና «ነበረ» የሚለውን ቃል በቦታው ተውሁት። ሰዋስው ተስተካከለ፤ ውሸቱም ተስተካክሎ ተለጠፈ። ጥፋቱ የውበቱ ብቻ አለመሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልኝ ይህን እዚህ ጽፌዋለሁ።

የመክፈቻው ዕለት አዳራሹ በእንግዳ ተሞላ። ውበቱ በአዲስ ሙሉ ልብስ ከሣጥን ወደ ሣጥን እየሄደ ያስረዳል። ይማም ከሚስቱ ከኑርጃን ጋር ከኋላ ተቀምጧል። ተራው ለጡሩምባዋ ደረሰ።

«አባቶቻችን በዚህች ይጠራሩ ነበር» አለ ውበቱ በሐዘን ድምፅ።

ይማም እጁን አወጣ። «ይቅርታ፤ ባለፈው ማክሰኞ ነው የነፋኋት።»

አዳራሹ በሳቅ ተነቃነቀ። ውበቱ ፈገግ አለ፤ «እናመሰግናለን፣ አያ ይማም። አስተያየት በመጨረሻ ነው።»

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ለሰውየው አዝኖ መሰለኝ፣ «ታዲያ ለምን አንድ ጊዜ አይነፉልንም?» አለ።

«አይቻልም» አለ ውበቱ ፈጥኖ። «ቅርስ በአፍ አይነካም። ምራቅ ናስ ይበላል።»

ኑርጃን ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ሠላሳ አራት ዓመት ሲነፋት አልበላት፤ ዛሬ ነው የሚበላት?» አለች። ኑርጃን ማለት ይህች ናት።

ሳምንቱ አለቀ። ይማም ነጠላውን አጥቦ፣ ጡሩምባዋን የሚያነግትበትን ጠፍር ይዞ አዳራሹ ሄደ። የመዝገቡና የቁልፉ ባለቤት ሄለን የምትባል ልጅ ናት፤ ሥራዋን የምታከብር፣ ሰው የማታስቀይም፣ ከመዝገብ ውጭ ያለ ዓለም ግን የማይታያት ልጅ።

«ልጄ፣ ሳምንቱ አልቋል፤ ዕቃዬን ልወስድ ነው።»

«አባባ፣ ዕቃ እኮ አይደለችም። መዝገብ ገብታለች፤ ቅርስ ሆናለች።»

«እኔም ቅሬው መዝገብ ውስጥ አለሁ፤ ማታ ማታ ግን ቤቴ እገባለሁ።»

ሄለን ሳቋን ዋጠች። «ለማስወጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል። የሰብሳቢውና የቋንቋ አራሚው፤ የእኔ ከእነርሱ በኋላ ነው።»

«ይፈርሙልኛ።»

«ሰብሳቢው ስብሰባ ናቸው።»

«መቼ ይወጣሉ?»

«ከዚህኛው ሲወጡ ሌላ ይገባሉ፣ አባባ።»

ይማም ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ መጣ፤ ፈረምሁለት። ያን አንድ ፊርማ ብቻ ያለበትን ወረቀት ከሁለት ወር በላይ በደረት ኪሱ ይዞ ዞረ። ሽማግሌዎቹም ሄደው እንዲጠይቁ ቢለምናቸው፣ «መርቀን የሰጠነውን እንዴት መልስ እንላለን?» እያሉ መሬት መሬት አዩ። ቤቱም ውስጥ ሰላም ጠፋ። «ስትነፋ ጆሮዬን አደነቆርኸው፤ አሁን ደግሞ ዝምታህ አደነቆረኝ» አለችው ኑርጃን።

ሞት ግን የኮሚቴውን ፊርማ አልጠበቀም። ሸማኔው አሕመድኑር ዐረፈ። ይማም ገብቶ አየ፤ ወጣ፤ እጁ ባዶ ነው። ከወጣቶች ማኅበር በባትሪ የሚሠራ የእጅ ድምፅ ማጉያ አበደሩት። በአፉ ላይ አድርጎ ሰፈር ለሰፈር መጣራት ጀመረ። ያ መሣሪያ ደግሞ ይንቋቋል፤ የሰውን ቃል ያኝካል። በከተማችን በእንዲህ ያለ ማጉያ የሚዞሩት ልዋጮች ብቻ ናቸው፤ አሮጌ ጫማና የተሰነጠቀ ጀሪካን ተቀብለው አዲስ ሳህን የሚሰጡት። ሴቶቹ ከየቤቱ ወጡ። የሻለም የምትባል ጎረቤቴ ሁለት ጀሪካንና አንድ እግር ጫማ ተሸክማ ሮጠች።

«አንተ ልዋጭ! ቁም እንጂ! በዚህ ስንት ሳህን ትሰጣለህ?»

«እኔ ነኝ እኮ የሻለም፤ ይማም ነኝ!»

«ውይ ይማም! መቼ ልዋጭ ሆንህ?»

«ሰው ሞቶ ነው!»

«አፈር ልብላ! ማን?»

«አሕመድኑር።»

«ሸማኔው? ኢና ሊላሂ!» ብላ ጀሪካኖቹን ለቅቃ ደረቷን መታች። የሻለም የማርያም ማኅበርተኛ ናት፤ በአገራችን ሐዘን ሲመጣ የማን ቃል የማን እንደ ሆነ አይመረመርም። ጫማዋን እንደ ያዘች ለቅሶ ቤት ገባች። በስተኋላ የወጡት ሴቶች ግን ልዋጩ አለፈ ብለው ወደየቤታቸው ተመለሱ። ባትሪውም ከመናኸሪያው ሳያልፍ ሞተ። ገደሉ አፋፍ ላይ ይማም በባዶ ጉሮሮው ጮኸ፤ ነፋሱ ቃሉን ወደ ራሱ መለሰለት።

አሕመድኑርን ዐሥራ ዘጠኝ ሰዎች ቀበሩት። ከቆፋሪዎቹ አራቱ ሽማግሌዎች ስለነበሩ በየመካከሉ እየተቀመጡ ያርፉ ነበር። ልጁ ሁዜይፋ አካፋውን ከአንዱ አዛውንት እጅ ተቀብሎ የአባቱን መቃብር ራሱ ጨረሰ። ሲጨርስ ማንንም ሳያይ፣ «አባቴ አርባ ዓመት ለዚህ ሰፈር ጉድጓድ ቆፈረ» አለ።

በዚያው ሳምንት የውበቱ እናት እማማ ሸጋዬ ይማምን አስጠሩት። ዕድሜያቸው ሰማንያ ስድስት ነው፤ ከአልጋ ከወደቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ምላሳቸው ግን አልተኛም። እኔም ልጠይቃቸው ሄጄ ስለነበር የሆነውን ሰምቻለሁ።

«ይማሜ፣ ጡሩምባዋን ልጄ አሰራት አሉ። እውነት ነው?»

«አብሽሩ፣ እማማ፤ ትመለሳለች።»

«አብሽሩ? እኔ ለመሞት ተሰናድቼ የተቀመጥሁ ሴት ነኝ። ባሌን ማን ጠራው?»

«እኔ።»

«ሁለት ልጆቼንስ?»

«እኔ፣ እማማ።»

«ታዲያ እኔ እንደ ዶሮ ነው የምቀበረው? ወላሂ አልሞትለትም!» አሉና ትንፋሽ ሰበሰቡ። «ልጄን ‹መልስላቸው› ብለው ‹እናቴ፣ ቅርስ ናት፤ ያረጀ ነገር ክብር አለው› አለኝ። ‹እኔስ አላረጀሁም? በል መስታወት ውስጥ አስገባኛ!› አልሁት።»

ይማም ሳቀ፤ ከብዙ ቀን በኋላ የሳቀው ሳቅ ነበር። እማማ ሸጋዬ ግን እጁን ይዘው ፊታቸውን አጠነከሩ።

«ቃል ስጠኝ። በእርሷው ትጠራኛለህ። ሦስቱ የሕጉ ነው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ለእኔ ጨምርልኝ። የተወለድሁት ከዚያ በታች ነው።»

«ቃሌ ነው» አለ ይማም። ሲወጣ የደረት ኪሱን ሲዳስስ አየሁት፤ አንድ ፊርማ ብቻ ያለባት ወረቀት እዚያው ነበረች።

እማማ ሸጋዬ በኅዳር፣ የአጨዳው ሥራ በተፋፋመበት ሳምንት፣ ማለዳ ዐረፉ።

ውበቱ የዘመኑን ሥራ ሠራ። የእናቱን ፎቶግራፍ ኮሚቴው በቴሌግራም ላይ ወደ ከፈተው የቅርስ ቡድን ላከ። ቡድኑ ከሁለት ሺህ በላይ አባላት አሉት። ረፋድ ላይ ሁለት መቶ ዐሥር ሰዎች የሚያለቅስ ፊት ለጥፈው ነበር። «ነፍስ ይማር» ለማለት እንኳ ጊዜ ያጡት «ነ.ይ.» ብለው ጽፈዋል፤ ለሙት ሁለት ሙሉ ቃል የሚሠስት ትውልድ ማየት ለአስተማሪ ሐዘን ነው። ቤቱ የመጣነው ግን ሰባት ሰዎች ነበርን። ድንኳኑ አልተተከለም። መቃብሩ አልተቆፈረም። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሯል።

ውበቱ አቶ የኋላሸትን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። «አባቴ፣ ሰው ይዘዙልኝ እንጂ!»

«ልጄ፣ እኔ ስለ እናትህ መጥቻለሁ። ሕጉ ግን ጡሩምባ ካልተነፋ ማንን እንዳዝዝ ይፈቅድልኛል? ከገደሉ በታች ያለው ሰው አጨዳ ላይ ነው፤ መሞቷንም አላወቀ።»

«አያ ይማምስ የት አሉ?»

ይማም ማለዳውን መጥቶ ነበር። እንደ ልማዱ ገብቶ ፊታቸውን ገልጦ አየ፤ መልሶ ሸፈነ፤ ለማንም ሳይናገር ወጣ። የት እንደ ሄደ የገመትሁት እኔ ነበርሁ፤ ውበቱን አስከትዬ አዳራሹ ሄድሁ። ይማም ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

«አያ ይማም፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አለ ውበቱ።

«እጠብቃለሁ።»

«ማንን?»

«ሁለት ፊርማ።»

ወረቀቷን ከደረት ኪሱ አወጣ። እጥፋቷ ላይ ልትበጠስ ደርሳለች። ውበቱ ብዕር ከእኔ ተቀብሎ በጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ። ከዚያ ለሄለን ደወለ። ሄለን ለሥልጠና ደሴ ሄዳለች። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«ወይኔ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት! የአዳራሹ ቁልፍ ዘበኛው ጋ አለ። የሣጥኑ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ እዚህ ደሴ። ደግሞ የእኔ ፊርማ ከሌለ አይወጣም ብለው መመሪያውን የጻፉት እርስዎ…»

ውበቱ ስልኩን ዘጋው። ዘበኛው በሩን ከፈተልን። ጡሩምባዋ በቀይ ጨርቅ ላይ ተኝታለች፤ ከበላይዋ እኔ ያረምሁት ጽሑፍ «ነበረ» ይላል። ውበቱ ሣጥኑን በጥፍሩ ሞከረው፤ በትከሻው ገፋው፤ አልተነቃነቀም። ከዚያ ዘወር ብሎ ከሙቀጫው ውስጥ የወይዘሮ ሰብሌን ዘነዘና መዘዘ።

«ኧረ በአላህ!» አለ ይማም እጁን ዘርግቶ። ፊቱ ላይ የፌዝ ምልክት አልነበረም፤ ፌዙ የነበረው ቃሉ ውስጥ ነው። «እንዴት ቅርስን በቅርስ ትሰብራለህ?»

«ይሄ ዘነዘና ነው!» ብሎ ውበቱ ጮኸ።

ከሥልጠና ከተመለሰ ወዲህ አንድን ዕቃ በስሙ ሲጠራ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። መስታወቱም በአንድ ምት ረገፈ።

ይማም ስባሪውን በጥንቃቄ አራግፎ ጡሩምባዋን አነሣት። አፏን በነጠላው ጠረገ፤ በጠፍሯ አነገታት፤ ወጣ። ውበቱም ተከተለው። መናኸሪያው ላይ ሲነፋ የአውቶቡስ ረዳቶች ጥሪያቸውን አቋረጡ። ጉብታው ላይ ሲነፋ ከመስጊዱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቁርኣን ይማሩ የነበሩ ደረሶች ተነሥተው ቆሙ። ገደሉ አፋፍ ሲደርስ ሦስቱን ነፋ፤ ጸጥ አለ፤ የእማማ ሸጋዬን ስም ከነአባታቸው ጠርቶ «ዐርፈዋል!» አለ። ማሳው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ቀና ሲሉ፣ ማጭዳቸውን በየነዶው ላይ ሲጥሉ ከላይ ይታየን ነበር።

ይማም እንደ ገና ጡሩምባዋን አነሣ።

«ሦስቱ ሞልቷል እኮ፣ አያ ይማም» አለ ውበቱ።

«አራተኛው የራሳቸው ነው» አለና አራተኛውን ነፋ። ረዥም ነበር። መጣፊያዋ ላይ ሲደርስ ድምፅዋ እንደ ልማዷ ተሰበረ፤ ውበቱም ከጠዋት ጀምሮ ያላለቀሰውን እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

በስምንት ሰዓት ድንኳኑ ቆሞ፣ መቃብሩ ተቆፍሮ ነበር። ሁዜይፋ ከሁሉ ቀድሞ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሲቆፍር አየሁት። ለአባቱ ያልመጣ ሰፈር የውበቱን እናት ሲቀብር ቢቀርም ማንም ባልፈረደበት ነበር፤ ጡሩምባ ሰማ፤ መጣ። ከተማው በሙሉ እማማ ሸጋዬን ሸኘ።

ይህ ታሪክ እዚህ ቢያልቅ ውበቱ ጡሩምባዋን በሳምንቱ አዲስ መስታወት አሠርቶ መልሶ ባስገባት ነበር። ልጁን አስተምሬዋለሁና አውቀዋለሁ፤ በሰልስቱ ዕለት ድንኳን ውስጥ ለአጠገቡ ሰው ስለ ወፍራም መስታወት ሲያወራ ጆሮዬ ገብቷል። የአቶ የኋላሸትም ጆሮ ገብቶ ኖሯል። ሰው በልቶ ሲያበቃ ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ።

«ሐዘንተኛው ልጃችን ይጽና!»

«አሚን!» አለ ድንኳኑ።

«የሟች ነፍስ ትረፍ!»

«አሚን!»

«ቅሬያችን የጠየቀውን አይጣ!»

«አሚን!» አለ ውበቱ፣ ከሁሉ ይልቅ ጮክ ብሎ።

አቶ የኋላሸት እጃቸውን ሳያጥፉ ወደ ይማም ዞሩ። ይማም ከተቀመጠበት ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲያውስ፣ ውበቱ፣ ጡሩምባዋን እንፈልጋት ነበር» አለ።

ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶ መሆኑን የረሳ ሳቅ ተነሣ፤ ኑርጃን ፊቷን በሻሽዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ ውበቱም አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ምን ይላል? «አሚን» ብሏል።

በማግሥቱ ወይዘሮ ሰብሌ አዳራሹ በር ላይ ቆመው ተገኙ። ሄለን ከደሴ ተመልሳ መስታወት ስትጠርግ ነበር።

«ሄለን ልጄ፣ ነይ እስቲ ልመርቅሽ» አሉ እጃቸውን እየዘረጉ።

«እማማ፣ ሙቀጫው እነሆ» አለች ሄለን ወደ ኋላ እያፈገፈገች። «ምርቃቱ ይቅርብኝ።»

ጡሩምባዋ ዛሬ በይማም ሱቅ ግድግዳ ላይ፣ ከባልዲዎቹ በላይ ተሰቅላ ትገኛለች። ሣጥኑ ግን በአዳራሹ ውስጥ ባዶውን ቆሟል፤ ገንዘብ ከተከፈለባቸው ሣጥኖች አንዱ ስለ ሆነ ማፍረስ አይቻልም ተባለ። ጽሑፉን እንዳርም እንደ ገና ተጠራሁ። አሮጌውን ቀድጄ ጣልሁት፤ በምትኩ ሁለት ቃል ጻፍሁ፦ «ለሥራ ወጥታለች።»